በየቤቱ ያደረች ጂፕ

ባለቤቴ ጂፗን ያመጣት ጊዜም አሮጌ ነበረች። ከአትክልታችን ማንጎና ብርቱካን ጭና ወደ መርሳ ገበያ ታወርድልን ነበር። አንድ ክረምት ቆመች፤ ቆማም ቀረች። ማንጎው ሥር ሆና ቀለሟ ተላጠ፣ ሸራዋ ተበጣጠሰ፣ ዶሮዎቼም ኮፈኑ ሥር እየገቡ እንቁላል ይጥሉባት ጀመር። ጠዋት ጠዋት እንቁላል ስለቅምባት መኪና መሆኗን ረስቼው ነበር።

ጦርነቱ ወደ ወረዳችን ሀብሩ ሲወርድ ልጄ ሁለተኛ ልጇን አርግዛ እኛው ዘንድ ነበረች። ባሏ ለሥራ ደሴ ሄዶ መንገዱ ተዘጋበት፤ በዚያው ቀረ። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። ያኔ ያዋለዳት ሐኪም፣ «ሁለተኛውም እንዲሁ ነው የሚሆነው። ምጥ ሲጀምራት ቤት አታቆዩአት» ብሎኛል። ስልኩ ሲጠፋ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ገበያው ሲዘጋ እኔ የማስበው ይህንኑ ቃል ነበር።

የመርሳ ባጃጆችና ሚኒባሶች የቻሉት ወደ ደሴ ሸሽተዋል፤ ያልቻሉት ተወስደዋል። ወልድያ ግን ያልሸሹ ሐኪሞች እንዳሉ፣ ጄኔሬተር እያስነሱ እንደሚሠሩ፣ ከዚያ በእግሩ የመጣ ሰው ነገረን። በእኛ አገር መኪና ሲጠፋ በሽተኛ የሚሄደው በቃሬዛ ነው። የዕድራችን፣ የቅሬው፣ ወንዶች እየተቀባበሉ ይሸከሙታል። ወልድያ ግን ለትከሻ ሩቅ ነው፤ ልጄ ምጧ ከጀመረ ያን ያህል ጊዜ አልነበራትም።

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ባለቤቴ ማንጎው ሥር ቆሞ ጂፗን ሲያያት አገኘሁት።

«ዶሮዎችሽን አስወጪ» አለኝ።

መካኒኩ ጎረቤታችን ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ የጽጌን ጾም እንኳ የማይተዉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርሳ ጋራዥ ሠርተዋል። ጋራዡ ሊዘረፍ ሲል መፍቻዎቻቸውን በማዳበሪያ ጆንያ ከተው በትከሻቸው ይዘው ወጡ። ከባለቤቴ ጋር አብሮ አደግ ናቸው፤ ሳይነካኩ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም።

መጡና ኮፈኑን ከፈቱ። ገለባ፣ ላባ፣ እንቁላል።

«ሼኹ፣ ይኼ እኮ የዶሮ ቤት ነው። እኔ ለመኪና የጠራኸኝ መስሎኝ።»

«አንተ ጾመኛ ነህ፤ እንቁላሉ አይመለከትህም። ከሥሩ ያለውን እይ» አለ ባለቤቴ።

ከሥሩ ያለውን አዩ። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እቴ፣ ልጅቱ መቼ ነው?»

«ኅዳር ሲያልቅ፣ ኢንሻአላህ።»

«እንግዲያ አርብና እሁድን አትቁጠሪ» አሉኝ። አርብ ባለቤቴ ለጁምአ ይሄዳል፤ እሁድ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። በቀረው ቀን ሁሉ ሠሩ።

ስለ ሞተር የማውቀው የለኝም። ያየሁትን ግን አልረሳም። መካኒኩ ሞተሩን ፈትተው ዕቃውን በሰሌን ላይ ሲደረድሩት፣ አንዷን ብሎን እንኳ ከቦታዋ አያሳስቱም ነበር። በብረትና በብረት መሐል ገብቶ ዘይት እንዳይፈስ የሚይዘውን ጓርኒሲዮን ከካርቶን ቆረጡ፤ ካርቶኑ ሳይበቃ ሲቀር ባለቤቴ አሮጌ የቆዳ ጫማውን አምጥቶ ሰጣቸው። ቫልቮቹን በወንዝ ደቃቅ አሸዋና በዘይት እያሹ ከቀን ቀን አሳመሩአቸው። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ የለ፤ ያላቸው እጃቸውና ትዕግሥታቸው ነው። ሥራቸውን እያየሁ ተስቢሔን እቆጥር ነበር። እሳቸውም በየብረቱ ላይ ጎንበስ ሲሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ምን እንደሚሉ ጠየቅኋቸው።

«ዳዊት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ሼኹን መርገም» አሉ።

ምሳ ለእኔ ችግር አልነበረም። የእኛን ሥጋ እሳቸው አይበሉም፤ የእሳቸውን እኛ አንበላም፤ ደግነቱ በዚያ ሰሞን ለማንም ሥጋ አልነበረም። ሽሮ ሁላችንንም አንድ ገበታ አቀረበን።

ያልዳነውን ሌላ መላ ፈጠሩለት። ቤንዚን የሚስበው ፓምፕ ሞቶ ነበር። ጄሪካን ከላይ ከሸራው ብረት ጋር አሰሩና በቀጭን ጎማ ወደ ካርቡራተሩ አወረዱት፤ ቤንዚኑ እንደ መስኖ ውኃ በራሱ ቁልቁል ይወርዳል። ባትሪ የለም። ኢማሙ የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ባትሪ ሰጡን፤ መብራት ከጠፋ ወዲህ አዛኑ በባዶ ድምፅ ስለሆነ ሥራ ፈትቶ ነበር። ባትሪው ደካማ ነው፤ ሞተር ማስነሳት አይችልም፤ እሳት ለመስጠት ግን ይበቃል። ማስነሳቱን ማኖቬላው ይሠራዋል አሉ። ማኖቬላ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ተሰክቶ በእጅ የሚዞር የታጠፈ ብረት ነው። ቤንዚኑ ደግሞ በየአትክልቱ ካለው የውኃ ፓምፕ ሥር ቀርቶ የነበረ ነው። ጎረቤት ሁሉ የቀረውን እየጨለፈ በፕላስቲክ ጠርሙስ አመጣ።

ከሁሉ የማደንቀው የኋላዋን ነው። ወንበሮቹን ነቀሉና ቃሬዛ አንጠለጠሉበት፤ በገመድ ሳይሆን ከአሮጌ ካላማዳሪያ በቆረጡት ሰፋፊ ጎማ። ድንጋይ ሲመታት ጎማው ተለጥጦ ይመለሳል፤ የተኛው ሰው አይንገጫገጭም። ሲጨርሱ ራሳቸው ገብተው ተኙበት።

«ነቅንቃት» አሉ ባለቤቴን።

ባለቤቴ በሁለት እጁ ይዞ ጂፗን ናጣት። ቃሬዛው ቀስ ብሎ ተወዛወዘ።

«ሼኹ፣ በቁሜ ቃሬዛ ላይ አወጣኸኝ።»

«እስክትሞት ልጠብቅ? አንተ እንደሆንህ ቀጠሮ አታከብር።»

ልጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታያቸው ነበር። ሳቀች። ባሏ ከተለየን ወዲህ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው። አልሐምዱሊላህ አልኩ በልቤ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያስነሷት ከወደ ውርጌሳ ከባድ መሣሪያ ሲጮህ ጠብቀው ነው፤ ድምፁ እንዲሸፍናቸው። መካኒኩ ማኖቬላውን ሲይዙ አውራ ጣታቸውን ከሌሎቹ ጋር አንድ ወገን አደረጉ። «ወደ ኋላ ከመለሰ አውራ ጣት ይሰብራል» ብለው ለባለቤቴ አሳዩት። አዞሩ። እምቢ አለች። አዞሩ። አስነጠሳት። አዞሩ፤ ተነሳች። ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ዶሮዎቼ አጥር ዘለው ጠፉ። መካኒኩ የወይራ ብትር አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ አንዱን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ አጠፏት።

«እንዴት ናት?» አለ ባለቤቴ።

«ሞተሯ ደህና ነው። ፍሬኗ ግን እንደ ሽማግሌ ነው፤ ቀደም ብለህ ነው የምትነግረው።»

ደስታው ወዲያው ሌላ ጭንቀት አመጣ። ከታች ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሰፈሩት ታጣቂዎች በየሰዉ ግቢ እየዞሩ መኪና ይፈልጋሉ። የቆመች መኪና ማንም አይነካትም፤ የምትሄድ መኪና ግን ውላ አታድርም። ጂፗ ድና ከተወሰደች ደግሞ ለልጄ ካለመዳኗ አይሻልም። 

በዚያን ጊዜ እኔ የቅሬውን ድንኳን ፀሐይ ላይ እያሰጣሁ ነበር፤ አይጥ እንዳይበላው በየጊዜው አወጣዋለሁ። የቅሬያችን ዕቃ አንድ ቤት አይቀመጥም። ድንኳኑ እኛ ቤት ነው፤ ምሰሶው ሌላ ቤት፤ ድስቱ፣ ሰሌኑ፣ መቆፈሪያው ሌላ ሌላ ቤት። ሰው ሲሞት ለፋፊው ይጠራል፤ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሁሉም የያዘውን ይዞ ይመጣል፤ ድንኳኑም ይቆማል። መካኒኩ ድንኳኑን ሲያዩ ቆዩ።

«እሷንስ እንደ ድንኳኑ ብናደርጋት?» አሉ።

እንደዚያው አደረግናት። የቅሬው ዳኛ በየቤቱ አደለ። ጎማዎቹ አንዱ ጭድ ውስጥ፣ አንዱ ኩበት ክምር ሥር፣ ሌሎቹ ሌላ ሌላ ቦታ ገቡ። መሪው ቄሱ ቤት ሄደ፤ ባትሪው ወደ ኢማሙ ተመለሰ። ካርቡራተሩን የመካኒኩ ሚስት በርበሬ ማሰሮ ውስጥ ቀበሩት። ሞተሩን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች አንዲት ሙሽራ በሻሿ ቋጥራ ያዘች። ማኖቬላውን ወንዝ ማዶ ላለችው ባሏ ለሞተባት ጎረቤቴ ሰጠናት። ምድጃዋ አጠገብ ጣል ብታደርገው ከእሳት መቆስቆሻ ማን ይለየዋል? ሞተሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ ገለባ ለበሰ። ዶሮዎቼም ተመለሱ።

ታጣቂዎቹ መጥተው አዩዋት። አንዱ በእግሩ መታ አደረጋት።

«ይህቺ አትሄድም?»

«እንደምታያት ናት፣ ልጄ» አለ ባለቤቴ።

አንድ ዶሮ ይዘው ሄዱ።

ምጡ የጀመራት ሱብሒ ሰግጄ ከመስገጃዬ ሳልነሳ ነው። ልጄ መቃኑን ይዛ ቆማ፣ «እማ፣ መጣ» አለች። ባለቤቴ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ወደ ለፋፊው ሮጠ። ጡሩንባ መንፋት አይቻልም ነበር። ቃሉ ከቤት ወደ ቤት በዝግታ ሄደ፤ ቅሬ ተጠርቷል፣ እነሱ ዘንድ፣ የያዛችሁትን ይዛችሁ ኑ።

መጡ። ጎማ እያንከባለሉ መጡ። መሪውን ቄሱ ራሳቸው በጋቢያቸው ሸፍነው አመጡት። ባትሪውን ኢማሙ አሸክመው ደረሱ። ሙሽራዪቱ ሻሿን ፈታች። ካርቡራተሩ በርበሬ በርበሬ እየሸተተ ገባ፤ መካኒኩ በቤንዚን ሲያጥቡት አስነጠሳቸው። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። መካኒኩ እጃቸውን ሲዘረጉ የሚፈልጉት ነገር እጃቸው ላይ ይቀመጥላቸዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ፀሐይ ማንጎው ጫፍ ላይ ስትደርስ ጂፗ በጎማዋ ቆማ ነበር።

የጎደለው ማኖቬላው ብቻ ነው። ግቢያችን ጎድጓዳ ነው፤ መኪና ገፍቶ ማስነሻ ቁልቁለት የለውም። ልጄ ውስጥ ሆና ስታቃስት ይሰማኛል። ሁላችንም ወንዙን እናያለን።

ጎረቤቴ ብቅ አለች። ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አገልድማ፣ በታፈነ ድምፅ እያለቀሰች፣ በራሷ ላይ ድስት ተሸክማለች። በእኛ ዘንድ ፀሐይ ሳይወጣ ቅሬ የሚጠራው ሰው ሲሞት ነው። እሷም «የያዛችሁትን» የሚለውን እስከ መጨረሻው አልሰማችም፤ የእኛን ቤት ብቻ ሰምታ ልቧ ቀድሞ ደመደመ። ለቤቷ ቀቅላ የነበረውን ንፍሮ ለለቅሶ ቤት ይሆናል ብላ ከነድስቱ አነሳችው።

ልጄ ምጡ ፋታ ሲሰጣት ደጃፍ ወጥታ ነበር።

«እትዬ፣ ለማን ነው የሚያለቅሱት?» አለቻት።

ጎረቤቴ ባለችበት ቆመች። «ላንቺ ነበር» አለች።

«እቴ፣ ማኖቬላውስ?» አሉ መካኒኩ።

«ማኖቬላው… እሳት ውስጥ ነው። እየቆሰቆስኩበት ነበር» አለችና ድስቱን መሬት አስቀምጣ ወደ ወንዙ ተመለሰች። በዚያ ዕድሜዋ እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

ንፍሮው መሐላችን ተቀመጠ። ማንም ሊያየው አልፈለገም። ከልጄ ደጃፍ የለቅሶ እህል መቀመጡ ከምጡ ይልቅ አስፈራኝ። መካኒኩ ቁልቁል አይተው አይተው፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«ይኼ ካልተበላ ለቅሶ ሆኖ ይቀራል። ብሉት» አሉ። ቀድመው ዘገኑ። ባለቤቴ ዘገነ፤ ቄሱም ኢማሙም ዘገኑ፤ ቅሬው ሁሉ አንዳንድ እፍኝ ወሰደ። የእኔ እጅ ግን አልሄደልኝም። ስንዴውና ባቄላው የተቀቀለው በልጄ ስም መሰለኝ።

ማኖቬላው ጫፉ ጥላሸት ለብሶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ መጣ። መካኒኩ አውራ ጣታቸውን ሰብሰብ አድርገው አዞሩት። ጂፗ ተነሳች።

ባለቤቴ ነዳ። መካኒኩ በጎን ተንጠልጥለው በአንድ እጃቸው የቤንዚኑን ጎማ ያዙ። እኔ ከኋላ ከልጄ ጋር ነበርኩ። አስፋልቱን ትተን በደረቅ ወንዝና በማሽላ ማሳ ጠርዝ ሄድን። ድንጋዩ መዓት ነበር። ጂፗ ስትዘል ቃሬዛው ይለጠጥና ይመለሳል፤ ልጄን ልክ እንደ እሹሩሩ ይዟት ነበር። ራዲያተሩ ሲፈላ መካኒኩ ውኃ ካለበት ኩሬ በቆባቸው እየቀዱ አጠጧት። ከቁርኣን ያሲንን የማውቀውን ያህል ቀራሁ።

ሲሪንቃ ላይ ከአስፋልቱ መገናኘት ግድ ነበር። ታጣቂዎች አስቆሙን። አንዱ ዞረን። ከላይ የታሰረውን ጄሪካን፣ ቀለም የሌለውን ኮፈን፣ የጎማውን ቃሬዛ አየ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«መኪና ነበረች። ዛሬ ቃሬዛ ናት» አሉ መካኒኩ።

ጨርቁን ገለጥ አድርጎ የልጄን ፊት አየ። ከዚያ የእኔን አየ። ልጅ ነው፤ ጺሙ ገና አልበቀለም። ጨርቁን መልሶ አለበሳትና፣ «እለፉ፣ እናት» አለ። ለእሱም እናት ዱአ አደረግሁ፤ እስካሁንም አደርጋለሁ።

ወልድያ ሐኪሞቹ ነበሩ። ልጄን ተቀብለው አስገቧት። መካኒኩ ወዲያው ኮፈኑን ከፍተው ካንዴላዎቹን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። ባለቤቴም መሪውን ፈትቶ በጋቢው ሥር ያዘው። ዙሁር ሲደርስ መሪውን አጠገቡ አስቀምጦ ሰገደ። አንዲት ነርስ አይታው፣ «አባት፣ መኪናውስ?» አለችው።

«መኪናውማ በየቤቱ ነው፣ ልጄ» አላት። አልገባትም። እኔ ግን ከስንት ወር በኋላ ሳቅሁ።

ሴት ልጅ ወጣች። እናቲቱም ደህና ናት አሉን። መካኒኩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አማተቡ፤ ባለቤቴ ሱጁድ ወረደ። የሐኪሙን ስም አልጠየቅሁም። አላህ ያውቀዋል።

ሐኪሞቹ ሲለቁን በዚያው መንገድ ተመለስን። ጂፗም በዚያኑ ቀን ወደየቤቷ ተበተነች። ኋላ መንገዱ ሲከፈት የልጄ ባል መጥቶ ልጁን አቀፈ፤ ጎማውም መሪውም ተመለሰ። ዛሬ ማንጎ ትጭናለች። ባለቤቴ የቃሬዛዋን ጎማ ግን አላስፈታም፤ ማኖቬላዋም እስካሁን ጎረቤቴ ምድጃ ዳር ናት። መካኒኩ መኪናዋን ማስነሳት ሲፈልጉ ወንዝ ይሻገራሉ።

ልጅቱ በሰባተኛ ቀኗ ስም ስታገኝ በግ የሚታረድበት ጊዜ አልነበረም፤ እሱን ለተሻለ ቀን አቆየነው። ቅሬው ግን መጣ፤ ባዶ እጁን፣ ለደስታ። ጎረቤቴ ከሁሉ ኋላ መጣች። ነጠላዋን ደህና አድርጋ ለብሳ፣ ያንኑ ድስት ተሸክማ።

«እትዬ፣ አሁንስ ለማን ነው?» አለቻት ልጄ፣ ሕፃኗን እንደያዘች።

«ላንቺው ነው። ያኔ የተረፈው እህል ነው፤ ዛሬ ቀቀልሁት» አለች።

መካኒኩ ድስቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «እቴ፣ አንቺ ያኔ ያልበላሽው አለ» አሉኝ። አይተውኝ ኖሯል።

ቢስሚላህ ብዬ ዘገንሁ።